አንዋር የማያውቀው ተከታይ

ሳዑዲ ሐበሻን ስላባረረችበት ስለዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ጽፏል። የተደበደበው ዱላውን ጽፏል፤ የታሰረው እስሩን። እኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የታደሰ፣ ሥራዬ ቢሮ ውስጥ፣ ማንም ያልነካኝ ሰው ነበርኩ። ጅዳ ተቀምጬ ከስክሪን ላይ ሳነብ ነው ነገሩ ያገኘኝ። «አንብቦ ምን ሆነ ሊል ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ያኔ የአንድ ኩባንያ የኮምፒውተር መስመር መሐንዲስ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ በየማኅበራዊ ገጹ ስሙንና ፎቶውን ለጥፎ ሲውል እኔ አንድም አካውንት አልነበረኝም። ጓደኞቼ «ሰይፉ የመስኮት ሰው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ። እኔ ያደግኩት «ካፍ የወጣ አፋፍ» ሲባል እየሰማሁ ነው፤ በሰው አገር ደግሞ ከአፍ ይልቅ ጣት ይበልጥ ያስጠረጥራል።

አካውንት አልነበረኝም ማለት ግን አላነብም ማለት አይደለም። አር.ኤስ.ኤስ የሚባል ነገር አለ። አንድ ገጽ ላይ አዲስ ነገር ሲወጣ ለፈለገው ሁሉ የሚደርስበት መስመር ነው። ስምህን አይጠይቅህም፤ ጻፊውም ማን እንዳነበበው አያውቅም። እንደ ጋዜጣ ደጅህ ላይ ይጣልልሃል። በዚያው ዓመት አጫጭር መልእክት የሚለጠፍበት ትልቁ ገጽ ይህን መስመር ዘጋው፤ እኔም ለሁሉም ክፍት የሆኑትን ጽሑፎች እየተመለከተች የምታመጣልኝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ጠባይ ነበራት። አንደኛ፣ ታነባለች እንጂ መልስ አትጽፍም። ሁለተኛ፣ አንዴ ያመጣችውን ጻፊው ቢሰርዘውም እሷ አትሰርዘውም።

የማነበው ለዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ከድጃን ለማየት ነበር።

ከድጃ የአክስቴ ልጅ ናት። እናቶቻችን እህትማማች ናቸው፤ የኔዋ ክርስቲያን አገባች፣ የሷዋ ሙስሊም። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከድጃ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት መጣች፤ ማዳሟ ደመወዝም ዕረፍትም ከለከለቻትና አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ስታገኘው ወጣች። ኢቃማዋ ከከፊሏ፣ ዋስ ሆኖ ካስመጣት አሠሪዋ እጅ ቀረ። መንግሥት የምሕረት ጊዜ ሲያውጅ ወረቀቷን ልናስተካክል ደጅ ጠናን፤ ከፊሏ «አልፈርምም» አለ፤ ምሕረቱም አለቀ።

ያኔ እሷ መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ሐጃ ሩቅያ ቤት ነበረች። ሐጃ የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ከድጃን እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ልጅ ነበር የያዟት። አንድ ልጅ አላቸው፤ አንዋር። ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፣ መካ የተወለደ። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱን ግን በዐረብኛ ነው የሚሰጠው። እዚያ ተወልዶ እዚያ ቢያድግም እሱም እንደኔ በኢቃማ ነው የሚኖረው።

እኔ ደግሞ መካ መግባት አልችልም። ጎዳናው ላይ ሙስሊም ያልሆነውን ወደ ጎን የሚያስወጣ ሰሌዳ አለ። ከድጃ ካለችበት ቤት አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እየኖርኩ ቤቱን አይቼው አላውቅም። ያየሁት በአንዋር ገጽ ነው። አንዋር ሁሉን ነገር የሚለጥፍ ልጅ ነበር፤ የእናቱን የራት ትሪ፣ ደረጃው ላይ የምትተኛውን ድመት፣ አንዳንዴም ከፎቶው ጫፍ ሾርባ የምትቀዳ የአንዲት ሴት እጅ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ። «ዛሬ ደኅና ናት» እላለሁ። አንዋር እኔ የምባል ሰው እንደሚከታተለው አያውቅም ነበር።

ምሕረቱ ባለቀ ሰሞን ፍተሻው ሲጀመር የሰፈር ጎረምሶች ከፖሊስ እኩል ሐበሻ አሳዳጅ ሆኑ። ያሳደዱትን እየቀረጹ ይለጥፉ ነበር፤ ለእኔም ደጄ ላይ ይጣልልኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የመጣልኝን ስከፍት የአንዋርን ስም አየሁ። ከጓደኞቹ አንዱ «አንተም ሐበሺ ነህ፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው ያንተ ቤት ነው» ብሎ ጽፎበታል። አንዋር የመለሰውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ቤቴ ከማናችሁም ቤት የጸዳ ነው። ያለ ኢቃማ ያለች ሠራተኛ ብትገኝ በገዛ እጄ ነው የማስረክባት። ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ኑ፣ በሩን ራሴ እከፍትላችኋለሁ።»

ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ለከድጃ ደወልኩላት።

«ከዲ፣ አንዋር የት ነው?»

«ወጥቷል። ምነው ሰይፍዬ፣ ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪ።»

አነበብኩላት። ከጀርባዋ የውሃ ድምፅ ይሰማኛል።

«አንዋር? ኡኽቲ፣ እህቴ እያለ ነው እኮ የሚጠራኝ። ቆይ እኔም ልየው።» እሷ አካውንት ነበራት። ከትንሽ ቆይታ በኋላ፣ «ወላሂ የለም። ምንም አልጻፈም» አለችኝ።

«ሰርዞት ነው። እኔ ጋ ቀርቷል።»

«ከሰረዘው እንግዲህ ተጸጽቷል ማለት አይደል?»

«ወይም እንዳታይው ፈልጓል ማለት ነው።»

በሁለታችን ትርጉም መካከል ያለው የእሷ ሕይወት ነበር፤ እውነቱን የሚያውቀው ደግሞ አንዋር ብቻ። ልንጠይቀው አንችልም።

መሄጃ ነበራት። ኩዳይ ውስጥ የሐጃጆች ሆቴል የምታጸዳ፣ ወረቀት ያላት የአገሯ ልጅ አለች። ኩዳይ እዚያው መካ ነው፤ በመንገዱ ኬላ የለም፤ በታክሲ ብዙም አይርቅም። ችግሩ መሄጃው አልነበረም፣ አወጣጧ ነበር።

«ምን ብዬ ልውጣ?» አለችኝ። «ልጅሽ ሊያስይዘኝ ነው ልበላት? አልጋ ላይ ያለች ሴት ናት እኮ፤ በዚህ ወሬ ትሞትብኛለች።»

«ዝም ብለሽ ውጪ።»

«እንደ ሌባ? ያን ሁሉ ካደረገችልኝ በኋላ?»

የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያነብ «ሕይወቷ አደጋ ላይ እያለ ስለ አወጣጥ ታስባለች?» ሊል ይችላል። እኛ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን፤ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «ደኅና ዋሉ» ሳይሉ አለመውጣት። እኔም ያው የዚያው አገር ሰው ነኝና ሳልከራከራት ሰበብ ፈጠርኩላት።

«ሰይፉ ታሟል፣ ጅዳ ሆስፒታል ገብቷል፣ ልጠይቀው ልሂድ በያት። ከቤት ከወጣሽ በኋላ በታክሲ ቀጥ ብለሽ ኩዳይ።»

«በራስህ አታሟርት።»

«ግድ የለም፣ በያት።»

«እሺ። ግን ለዙሁር ሶላት አጥቤ ውዱ ሳላስደርጋት አልወጣም። ዛሬ ከኔ ሌላ ማን አለላት?»

ቢሮዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሥራ የሠራሁ መሰልኩ። የዙሁር አዛን አለፈ። ከዚያ ስልኬ ጠራ። ከድጃ ናት፤ ታንሾካሽካለች።

«ሰይፍዬ፣ ነገሩ ተበላሽቷል። ሐጃ መታመምህን ስትሰማ አለቀሰች። ዘመድ ታሞባት በዚህ ቀን ብቻዋን በታክሲ? ነውር ነው አለች። አንዋርን ደውላ ጠራችው። መኪናውን አስነስቶ ታች እየጠበቀኝ ነው፤ ጅዳ ድረስ ሊያደርሰኝ።»

ይኼን እንዴት ሳናስብ ቀረን? ዘመዱ ታመመ የተባለን ሰው ብቻውን የሚሸኝ የወሎ ቤት የት ተገኝቶ ያውቃል? ከማንም በፊት እኛ ልናውቀው ይገባ ነበር። ይሉኝታ የፈጠረው ሰበብ ሌላ ይሉኝታ ወልዶ፣ ከኩዳይ መንገድ አንስቶ ኬላ ባለበት ጎዳና ላይ፣ ያውም ከአንዋር ጋር አስቀመጣት።

«አልሄድም በይ» አልኳት።

«አሁን ታመመ ብዬ፣ አሁን ዳነ ልበል?»

ስልኩ ከእጇ ተወሰደ። የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ ከእናቴ ሰፈር የወጣ የሚመስል አማርኛ፣ አርባ ምናምን ዓመት ዐረብ አገር ተቀምጦ ያልተበረዘ።

«አብሽር ልጄ። አሏህ አፊያ ያድርግህ። እህትህን ልኬልሃለሁ፤ አንዋር እደጅህ ድረስ ያደርሳታል። እሱ ካለ አትስጋ።»

አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። «ሐጃ፣ ልጅዎ…» ብል ያበቃ ነበር። የታመመ ሰው ድምፅ አውጥቼ ያልኩት ግን ይህን ነው፦

«እግዜር ይስጥልኝ ሐጃ።»

አመሰገንኳቸው።

ከቢሮ ወጥቼ ወደ መካ መንገድ ነዳሁ። ሐሳቤ ሹመይሲ ኬላ ሳይደርሱ ላገኛቸው ነበር፤ ግን እነሱ ከመካ ወደ ጅዳ፣ እኔ ከጅዳ ወደ መካ ነን፤ መንገዱ መሐሉ በአጥር የተከፈለ ነው። ባያቸውስ ምን አደርግ ነበር? ከድጃ ስልክ አታነሳም። ኬላው ሳይደርስ ካለ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆሜ፣ በአንዱ ዓይኔ በወዲያኛው በኩል የሚመጡትን መኪኖች፣ በሌላው ስልኬን አያለሁ። አንዋር በገጹ ምንም አልጻፈም። ምንም አለመጻፉን ደግ ምልክት አደረግኩት። «እየነዳ ነው፣ ሁለት እጁ መሪ ላይ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። የተጨነቀ ሰው ከዝምታም ውስጥ ተስፋ ፈልቅቆ ያወጣል።

የዐስር ሶላት አዛን ሲል ስልኬ ድምፅ ሰጠች። አዲስ ጽሑፍ፣ ከአንዋር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አንዲት ሕገወጥ ለኬላው አስረክቤያለሁ። ሁሉም የድርሻውን ይወጣ፣ አገራችን ትጽዳ።»

«አገራችን» ይላል። በኢቃማ የሚኖር ሰው።

ከሥሩ ምርቃቱ ይዘንብ ጀመር። ጠዋት «አንተም ሐበሺ ነህ» ብሎ የጻፈበት ያው ጓደኛው «አሁን የኛ ሰው ሆንክ» አለው። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን በቡጢ መታሁት፤ አለቀስኩም፤ ንዴት ነበር፣ ኀዘን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

በማግስቱ ሹመይሲ ሄድኩ። የሚባረሩ ሰዎች ማቆያው እዚያ ነው፤ ከመካ ክልል ውጪ ስለሆነ እኔም መድረስ እችላለሁ። ብርድ ልብስና ጫማ ይዤ ነበር። ዘበኛው ኢቃማዬን አገላብጦ አይቶ፣ «ዘመድህ ናት? ስሟ የሙስሊም፣ ያንተ የክርስቲያን፤ እንዴት?» አለኝ። አስረዳሁት። ሳቀና «ኸላስ፣ ሂድ» አለኝ። ከደጁ አልራቅኩም፤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከድጃ ናት፤ አንዲት ሴት ደብቃ ያስገባችውን ስልክ ተውሳ ነው።

«ሰይፍዬ፣ የት ነህ?»

«አጥሩ ጋ ነኝ፣ ከውጪ። ታዪኛለሽ?»

«አላይህም። ግንብ ነው። ስማኝ፣ ቶሎ ልንገርህ። ልጁ ሊያስይዘኝ አይደለም ይዞኝ የወጣው። ወላሂ ወደ አንተ ነበር የሚያመጣኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰ ነበር። ጠዋት የጻፈውን ራሱ ነገረኝ፤ ቢያሸማቅቁኝ ጻፍኩት፣ ሲበርድልኝ ሰረዝኩት፣ ኡኽቲ ይቅር በይኝ አለኝ። ይቅር አልኩት።»

«ታዲያ?»

«ኬላው ላይ ወታደሩ፣ ምንህ ናት? አለው። አንዋር ዞሮ አየኝ። ከዚያ መንገድ ላይ እጅ አንስታ ያስቆመችኝ ናት፣ ላስረክባት ነው ያመጣኋት አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አላውቀውም አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ወረቀት የሌላት ሴት ደብቆ ሲያመላልስ ተገኘ ካሉት ኢቃማውን ይቀሙታል። እሱ ከተባረረ ሐጃን ማን አገላብጦ ያስተኛታል? ማን ውዱ ያስደርጋታል?» ትንፋሽ ወሰደች። «ለሐጃ እንዳትነግር። በእናቶቻችን ጡት ይዤሃለሁ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ብርድ ልብሱን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ፤ ለእሷ መድረሱን አላውቅም።

ሐጃ ከሁለት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። «ተሻለህ ልጄ? እህትህ ደረሰችልህ?»

«ደርሳለች ሐጃ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አንዋር እንኳ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። እሷን መለየቱ ከብዶት ነው። ልቡ ሩኅሩኅ ነው ልጄ።»

«አዎ» አልኳቸው።

ከድጃ ከብዙ ሺህ ሰው መሐል አንዷ ሆና፣ ሹመይሲ የሰጧትን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች አዲስ አበባ ወረደች። ለሐጃ «በፈቃዴ አገሬ ገባሁ» አለቻቸው። እኔም ኮንትራቴ ሲያልቅ አላደስኩም፤ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። እሷ ዛሬ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፣ አግብታ ወልዳለች። አንዋር ከዚያ ቀን ጀምሮ አካውንቷን ዘግቶባታል፤ የሱን ገጽ ማየትም ሆነ ለሱ መጻፍ አትችልም። ዓይኗን ፈርቶ ነው። እኔን ግን ሊዘጋብኝ አይችልም፤ የሌለ ሰው አይዘጋበትም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። በፊት ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ የሚያመልጥ ይመስለኝ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ከአንዋር በቀር ከማንም በላይ ያወቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ያወቅኩት ነገር ከድጃን አንዲት ጋት አላራቃትም። እንዲያውም እንደ ሌላው ቀን ምንም ሳላነብ ብውል፣ አንዋር ጽሑፉን ሰርዞ፣ ለጓደኞቹ ሰበብ ሰጥቶ፣ እሷም ቤቷ ተቀምጣ ትውል ይሆን? ይህን ጥያቄ ስንቴ እንዳገላበጥኩት እኔና ትራሴ እናውቃለን። መልስ የለውም። መራራነቱም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት የፈራ ልጅ ነው። የፈራ ልጅ ደግሞ ከክፉ ሰው የበለጠ ያስከፋል፤ እንዳትጠላው ይለምንሃል።

እኔ ግን ጠላሁት። ዛሬም ከደጄ አልቀረም። የሹመይሲውን ጽሑፍ ከዓመት በኋላ ሰረዘው፤ እኔ ጋ አለ። አሁን ስለ ርኅራኄ ይጽፋል፣ ስለ ስደተኞች መከራ ይጽፋል፣ ሰዎች «አሏህ ይባርክህ» ይሉታል። አነባለሁ። ባለቤቴ ለምን አታቋርጠውም ስትለኝ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት «እናቴ ወደ አሏህ ሄደች» ብሎ ጻፈ። ወደ ከድጃ ሱቅ ሄጄ ነገርኳት። ሱቁን ዘጋች። ቤቷ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። «ማን ሞተብሽ?» ሲሏት «እናቴ» ትላለች። ወላጅ እናቷ በሕይወት እንዳሉ የሚያውቁት ሁሉ ግራ ተጋብተው ተቀመጡ።

ሰው ሲቀንስ ወደኔ ጠጋ አለች።

«የሐጃን ስልክ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። አንዋር ብቻውን ቀረ እኮ ሰይፍዬ። እኔን ዘግቶኛል። አንተ የሱን ገጽ ታያለህ አይደል? ከድጃ አልቅሳለች፣ ከድጃ አይዞህ ብላሃለች ብለህ ጻፍለት።»

«አልችልም። አካውንት የለኝም።»

«ክፈታ። ለዛሬ ብቻ።»

አካውንት መክፈት አንድ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ አይፈጅም። እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። በቀላ ዓይኗ እያየችኝ ጠበቀች።

«አካውንት የለኝም ከዲ» አልኳት።